በራሱ የተነሳው ፒክአፕ

ኦርቪል ትቬት የሞቱት ከምሳ በኋላ ጎናቸውን በሚያሳርፉባት አሮጌ ሶፋ ላይ ነው። ሶፋዋ ያለችው ቤት ውስጥ ሳይሆን ትራክተሩ፣ የብየዳ ማሽኑና ከሦስት ሳምንት በፊት የገዙት ያገለገለ ፒክአፕ በሚያድሩበት የእርሻ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ልጃቸው ሌን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሩን ሲከፍት የሞተር ጭስ ፊቱን መታው። የፒክአፑ ሞተር ይሠራል፤ ውስጡ ግን ሰው የለም። የጋራዡ በሮች ሁሉ ዝግ ናቸው። የመኪናው ብቸኛ ቁልፍ ደግሞ ከጋራዡ ስልሳ እርምጃ ርቆ፣ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

መርማሪ ኢርማ ስቶልዝ በማግስቱ ጠዋት በረዶ ጠራጊውን መኪና ተከትላ ደረሰች። ጠራጊው አድርሷት ሲመለስ የጠረገውን መንገድ ነፋሱ ከኋላው በበረዶ መልሶ ሞላው። እኛ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ በክረምት መንገድ ተዘጋ ከተባለ ተዘጋ ነው፤ ለሸሪፍም፣ ለቄስም፣ ለሬሳም አይከፈትም። ከቤቱ እስከ ጋራዡ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱን የለቀቀ ሰው በገዛ ግቢው ጠፍቶ ይቀራል። ሟቹ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሰው፣ በሕይወት ያሉት አራቱ ቤት ውስጥ ተፋጠው፣ ሁሉም መውጫ አጥተዋል። አሁን አምስተኛ ተጨመረችባቸው።

ኢርማ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ዳሌዋን ያማታል፣ ኪሷ የሱፍ ፍሬ አያጣም። ሰው ስትመረምር አትጮህም፤ ሱፏን እየፈለፈለች ዝም ትላለች። ዝምታውን መቋቋም የሚያቅተው ሁልጊዜ ሌላው ሰው ነው።

«ሞተሩን ማን አጠፋው?» አለችው ሌንን፣ ገመዱን ይዘው ጋራዡ ከገቡ በኋላ።

«እኔ ነኝ። ትንፋሼን ይዤ ገባሁና ማስነሻውን ተጫንኩት፣ ጠፋ። ከዚያ አባቴ ላይ ተደፋሁ። ትንፋሽ ልሰጠው አፉን ልከፍት ብል… መንጋጋው ደርቋል።» የአርባ አራት ዓመቱ ግዙፍ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከዚያ በፊትስ የት ነበርክ?»

«ከብቶቹ ጋ፣ በትራክተር በረዶ ስጠርግ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እሱ ሲጋደም እኔ ወጣሁ። ያኔ መኪናው ድምፅ አልነበረውም።» ከዚያ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ሄደና መፍቻ የተጫነባትን አንዲት ወረቀት አነሳ። «ይልቅ ይህን እይ። ማን እንደገደለው እዚህ ተጽፏል።»

ወረቀቷ ፒክአፑን የሠራው የስቴድማን ፋብሪካ የጥገና ማሳሰቢያ ነበረች። ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ አስተዋይ ሰው ሁሉ እነዚህን ማሳሰቢያዎች ያስሳል። ፋብሪካው ለባለ መኪናው በፖስታ አይልክለትም፤ ለመካኒኮች ብቻ ነው የሚጽፈው፤ «ይህ ሞዴል እዚህ ጋ ይበላሻል፣ እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩት» እያለ። ሻጭ የሚውጠውን ነገር ማሳሰቢያ ይተፋዋል። የዚህኛው የመጀመሪያ ገጽ የሚለው እንዲህ ነው፦ በ2015 እና በ2016 ሞዴል ፒክአፖች ላይ፣ በብርቱ ብርድ ጊዜ የርቀት ማስነሻው የውሸት ምልክት ተቀብሎ፣ ማንም ሳያዘው ሞተሩን ሊያስነሳ ይችላል። ከ2015 ሥር በእርሳስ መስመር ተሰምሮበታል።

«የአባቴ መኪና ሊብሬው ላይ 2015 ነው» አለ ሌን። «አባቴ ሳይገዛው በፊት እያንዳንዱን ማሳሰቢያ እንድታይለት፣ የሚሠራውን እንድትሠራለት ነው መካኒኳን ዳርላን የቀጠራት። ይህን ዘለለችው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ኢርማ የፒክአፑን የሾፌር በር ከፍታ እያቃሰተች ተንበረከከች፤ በሩ ከሚገጥምበት ምሰሶ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት በአውራ ጣቷ ጠርጋ በባትሪ አየቻት።

«ምን አገኘሽ?»

«ልማዴ ነው» አለች ስትነሳ። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በመጀመሪያ መኪናዬ አንድ ሰውዬ ተጫወተብኝ። ከዚያ ወዲህ የማንንም መኪና በር ከፍቼ ሳልንበረከክ አላልፍም።»

ከአለቃዋ ከሸሪፉ ጋር በሬዲዮ ስትነጋገር ትእዛዙ አጭር ነበር። መንገዱ እንደተከፈተ መካኒኳን ይዛ እንድትመጣ፤ ክሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል እንደሚሆን፤ ወረቀቱም እዚያው ስላለ ብዙ መልፋት እንደማያስፈልጋት ነገራት። ኢርማ «እሺ» አለችው። ኢርማ «እሺ» ስትል እንደማትስማማ ሸሪፉ አሥር ዓመት አብሯት ሠርቶም አልገባውም።

ኢርማ ዳርላ ቦህንን የታሸጉ ምግቦች በሚቀመጡበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጥፍሮቿ ሥር ታጥቦ የማይለቅ ዘይት አለ። እዚያ የገባችው ሌን ባለበት ክፍል መቀመጥ ስላልቻለች ነው።

«ትናንት ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«አንድ የቀረ እቃ ልገጥምላቸው። ምሳ ብሉ ተባልን፣ በላን። በመስኮት ሳይ መንገዱ የለም። ከምሳ በኋላ ፎቅ ወጥቼ ከልጄ ጋር በስልክ ሳወራ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጎረቤት ጋ ትቻት ነው የመጣሁት። የሌን ጩኸት ነው ያስወረደኝ።»

«ስለ ማሳሰቢያዎቹ ንገሪኝ።»

ዳርላ ከኪሷ የታጠፈ ዝርዝር አወጣች። «አሥራ ሦስት ናቸው። አራቱን ሠርቻለሁ፣ ይኸው ምልክት አላቸው። ዘጠኙ ላይ ሰረዝ አለ።»

«ሰረዝ ምን ማለት ነው?»

«ይህን መኪና አይመለከትም ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አንዳንዴ ደግሞ ‹እመለስበታለሁ› ለማለትም ሰረዝ አደርጋለሁ።» ዝርዝሩን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። «ዝርዝሩን የሠራሁ ቀን ‹ልጅሽን አሟታል› ብለው ከትምህርት ቤት ደወሉልኝ። እየተጣደፍኩ ነበር የጨረስኩት። የበሩን ወረቀት ሁልጊዜ አያለሁ፣ ሁልጊዜ! ያን ቀን ግን ማየቴን አላስታውስም። ከትናንት ጀምሬ እያሰብኩ ነው ኢርማ፤ ሌላው ሁሉ ይታየኛል፣ በሩን ስከፍት ብቻ አይታየኝም።»

«የማሳሰቢያው ሁለተኛ ገጽ የት ነው ያለው?»

«ቫኔ ውስጥ። አቶ ኦርቪል የመጀመሪያ የመጀመሪያውን ገጽ እቤት አስቀርተው ሁለተኛ ሁለተኛውን ነው ለእኔ የሰጡኝ።»

«ቫንሽ እኮ ግቢ ውስጥ ነው ያለችው። ትናንት ለምን ወጥተሽ አላየሽም?»

«ፈራኋ!» አለች ዳርላ። «ሰው ገድዬ እንደሆነ የሚነግረኝ ወረቀት ነው። አንቺ ብትሆኚ ታወጪዋለሽ?»

ኢርማ ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወጣች።

ሳሎን ውስጥ ግሌን ፍሪስታድ ምድጃው አጠገብ እግሩን ዘርግቷል። መኪናውን የሸጠው እሱ ነው፤ ጎረቤት ነው፣ ጎረቤት ማለት እኛ ጋ ሰባት ማይል ነው። ትናንት የመጣው ሲሸጥ የረሳውን የተጎታች መንጠቆ ሊሰጥ ነበር። ከኢርማ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል።

«አንተና ኦርቪል ስትኮራረፉ ነው ያረጃችሁት» አለችው።

«በአጥር ነው። አሥራ አንድ ዓመት። ባለፈው መኸር ታረቅን፣ ለዚያ ነው መኪናውን የሸጥኩለት። ሰው ለመግደል ካሰብኩ ከእርቁ በፊት አልገድለውም እንዴ? ያኔ እኮ ደስም ይለኝ ነበር።»

«ግሌን።»

«እሺ፣ እሺ። ከምሳ በኋላ እዚሁ ወንበር ላይ አንኮራፋሁ። ምስክር የለኝም፤ ሚስቴ ብትኖር ድምፁን ትመሰክርልኝ ነበር።»

«መኪናው በራሱ ተነስቶ ያውቃል?»

«ስድስት ዓመት ነድቼዋለሁ፣ አንድም ቀን! እንኳን በራሱ፣ ለምኜውም አይነሳልኝ። በጥር ብርድ ከወጥ ቤት ሆኜ በርቀት አስነሳዋለሁ፤ ቁርሴን ሳልጨርስ፣ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ድርግም። ደግሜ አስነሳለሁ፣ አሥር ደቂቃ፣ ድርግም። ሦስተኛ ብትጫኚ አይሰማሽም፤ ገብተሽ ራስሽ ካላስነሳሽው በቃው።»

ማገዶ ይዞ የገባው ሌን ከበሩ ላይ ሆኖ «የእኔም መኪና እንደዚያው ነው» አለ። «ምን አስፈለጋችሁ አሁን ይህን ማውራት? አባቴ እዚያ ተጋድሞ!»

«እንጨቱን አስቀምጥና ተቀመጥ ሌን» አለችው ኢርማ ቀስ ብላ። «ማሳሰቢያዎቹን አይተሃቸው ታውቃለህ ግሌን?»

«ወረቀቶቹን? ኦርቪል ክምሩን ይዞ ሲመጣ ‹የምትገዛው መኪና ነው ቤተ መጻሕፍት?› አልኩት። ተቀየመኝ። እንደገና ልንኮራረፍ ምንም አልቀረን ነበር።»

ወጥ ቤት ስትገባ ማርዲስ ትቬት ለሁሉም የሚሆን የድንች ቂጣ፣ ሌፍሴ እየጋገሩ ነበር። የሟቹ ታናሽ እህት ናቸው፣ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው። በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው የታመሙ እናታቸውን ለማስታመም ወደዚህ ቤት መጡ፤ እናት ሞቱ፣ ማርዲስ ቀሩ። ቅቤና ስኳር የተቀባ ቂጣ ጠቅልለው ለኢርማ ሰጧት።

«እትዬ ማርዲስ፣ ትናንት ከምሳ በኋላ ከወጥ ቤት ወጥተው ነበር?»

«የት እወጣለሁ ብለሽ ነው? ሳህን አጠብኩ፣ ዳቦ አቦካሁ። ሌን እስኪጮህ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ቁልፉስ?»

«ሚስማሩ ላይ ነበር። ማንም አልነካውም። ቢነካ አየው ነበር፣ ፊት ለፊቴ እኮ ነው።»

ኢርማ ሚስማሩን አየችው። ቂጣውን በላችና ጣቷን ጠረገች። «ማሳሰቢያዎቹን ያነበቡላቸው እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ዓይኑ የሩቁን ያያል እንጂ የቅርቡን፣ እንኳን ያን የመሰለ ደቃቅ ጽሑፍ፣ የጋዜጣ ርዕስም አያይለትም። ከተማ ቤተ መጻሕፍት ወስዶኝ አሳተምናቸው። ከዚያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማስመሪያና እርሳስ ይዤ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ አሥራ ሦስቱንም። የመጀመሪያውን ገጽ ነው ታዲያ። ልገልጥ ስል ‹በቃ፣ የቀረው የዳርላ ነው፣ አንቺ አይገባሽም› ይለኛል።»

«እርስዎ መኪና ይነዳሉ?»

«አልነዳም።»

«ሞክረውም አያውቁም?»

«ኦርቪል ነዋ የሚነዳው።» ማርዲስ ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም። «ከተማ ሲሄድ ይወስደኛል። እህል መጋዘኑ ጋ ሲደርስ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይወርዳል፤ እንዳይበርደኝ ብሎ ሞተሩን አያጠፋብኝም። ግማሽ ሰዓት፣ ሲለውም አንድ ሰዓት ከወንዶቹ ጋር ያወራል። ውሻችን ከኋላ፣ እኔ ከፊት፣ ሙቅ ውስጥ ተቀምጠን እንጠብቀዋለን።»

ይህን የከተማ አንባቢ እንደ ቀላል ያልፈው ይሆናል። እኛ ጋ አውቶቡስ የለም፣ ታክሲ የለም፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ የለም። መኪና የማይነዳ ሰው የሚኖረው ሌላ ሰው በሚፈቅድለት ልክ ነው። ኢርማም የዚሁ አገር ሰው ናትና ይህን ስትሰማ የያዘችውን የሱፍ ፍሬ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«ያቺ ማሳሰቢያ ጋራዥ እንዴት ተገኘች?»

«እሱ ራሱ ወስዷት ይሆናል። ሊያያት።»

«ይሆናል» አለች ኢርማ።

ከዚያ ዳርላን ከባልዲው ላይ አስነሳቻት። ሁለቱ ገመዱን ይዘው፣ ነፋሱ እያጎነበሳቸው፣ ቫኑ ጋ ደረሱ፤ በሩን የሸፈነውን በረዶ በእጃቸው ጫሩ። ዳርላ ማህደሩን አውጥታ ዓይኗን ጨፍና ሰጠቻት። ኢርማ ለነፋሱ ጀርባዋን ሰጥታ አንድ ገጽ ብቻ አነበበች፣ አጥፋ ካፖርቷ ውስጥ ከተተች።

«ምን ይላል?»

«ከሌሎቹ ጋር ትሰሚዋለሽ።»

ጭካኔ ነበር። እኔ ብሆን እዚያው በረዶው ላይ እነግራት ነበር። ኢርማ ግን ዳርላ ፊቷ ላይ ተስፋ ይዛ እንድትገባ አልፈለገችም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ሰው የዳርላን ስቃይ እስከ መጨረሻው እንዲያየው ፈልጋለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስቱም በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። መስኮቱ ነጭ ነው፣ ከነጭ በቀር ምንም አይታይም። ዳርላ እጇን ጭኗ ሥር ቀብራለች። ሌን አያያትም።

«መጀመሪያ ልናገር ያለብኝ» አለች ኢርማ፣ «ሸሪፉ ዳርላን ይዤ እንድሄድ አዞኛል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው ክሱ። ከተፈረደባት ልጇ ወደ ማደጎ ትሄዳለች፣ ሌላ ዘመድ የላትምና።»

ማርዲስ የጠረጴዛ ልብሱን ጠርዝ ያዙ።

«አሁን መኪናው በራሱ ተነሳ እንበል። ሌን፣ አባትህን ስታገኛቸው መንጋጋቸው ደርቆ ነበር አልከኝ። የሰው መንጋጋ ለመድረቅ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ አባትህ የሞቱት አንተ እንደወጣህ ብዙም ሳይቆዩ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። አንተ የገባኸው አሥር ሰዓት ነው። ሞተሩስ?»

«ይሠራ ነበር።»

«ግሌን፣ በርቀት የተነሳ ሞተር ስንት ጊዜ ይሠራል?»

ግሌን ቀስ ብሎ «አሥር ደቂቃ» አለ። «ቢበዛ ሁለት ጊዜ አሥር።»

ኢርማ ከካፖርቷ ውስጥ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋች። «ሁለተኛው ገጽም እንደዚያው ይላል። ‹በዚህ ብልሽት የተነሳ ሞተርም በአሥር ደቂቃ ይጠፋል፤ ሾፌሩ ገብቶ እስኪያስነሳው ከሁለት ጊዜ በላይ አይነሳም።› ሁለት ሰዓት ሙሉ የሠራው ሞተር በብልሽት የተነሳ አይደለም። ሰው ገብቶ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ማስነሻውን ተጭኖ ነው ያስነሳው።»

ኢርማ ጣቷን ወደ ታችኛው መስመር አወረደች።

«ሌላም መስመር አለ። ‹ይህ ማሳሰቢያ የሚመለከተው ከጥር 12 ቀን 2015 እስከ ግንቦት 30 ቀን 2015 የተመረቱትን ብቻ ነው።› የእኛ አገር ሰው ሁሌ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሊብሬ ላይ ያለውን ሞዴል ያያል፣ ‹የእኔ 2015 ነው› ይላል። ፋብሪካው ግን የ2015ን ሞዴል መሥራት የሚጀምረው ከዓመቱ አስቀድሞ ነው። መኪናው መቼ እንደተሠራ የሚናገረው የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለችው ወረቀት ናት። ዛሬ ጠዋት አየኋት፤ ጥቅምት 2014 ትላለች።» ወደ ዳርላ ዞረች። «ሰረዝሽ ትክክል ነበር። ማሳሰቢያው ይህን መኪና አይመለከተውም። ብታስታውሺም ባታስታውሺም በሩን ከፍተሽ አይተሻል።»

ዳርላ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሌን ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፣ ከዚያም ፊቱ ደም መሰለ። «ዳርላ… እኔ…» ብሎ መጨረስ አቃተው።

«እንግዲህ አንድ ሰው መኪናውን አስነስቶ ወጣ፤ ጥፋቱ የመኪናው እንዲመስል ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ» አለች ኢርማ። «ኦርቪል አልወሰዱትም፤ የጋዜጣ ርዕስ የማያነብ ሰው ለእንቅልፍ ሲሄድ ደቃቅ ጽሑፍ ይዞ አይሄድም። ያ ሰው አንድ ነገር አያውቅም ነበር፤ አሥር ደቂቃውን። ግሌን መኪናውን ስድስት ዓመት ነድቶታል፣ ያውቃል። ሌን የራሱ መኪና እንደዚያው ነው፣ ያውቃል። ዳርላ ሁለተኛው ገጽ እጇ ላይ ነው፣ ሙያዋም ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዳቸውም ሰው ለማታለል ይህንን ማሳሰቢያ አይመርጡም። የመረጠው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ያነበበ፣ በሕይወቱም መኪና በርቀት አስነስቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

«ቆይ» አለ ሌን። «ቁልፉ እኮ እዚህ ነበር። ሚስማሩ ላይ።»

«ነበር። በእንዲህ ዓይነት መኪና ሞተሩን ለማስነሳት ቁልፉ መኪናው ውስጥ መኖር አለበት፤ አንዴ ከተነሳ ግን ቁልፉ ቢርቅም አይጠፋም። እህል መጋዘኑ በር ላይ ሆኖ ይህን ደጋግሞ ያየ ሰው አለ፤ አባትህ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ይወርዳሉ፣ ሞተሩ ይቀጥላል። ቁልፉን ከዚህ ሚስማር ማውረድና መልሶ መስቀል ደግሞ ከወጥ ቤት ያልወጣ ሰው ፊት አይቻልም። ያ ሰው ማንም አልነካውም ብሎኛል። እውነት ነው፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አልነካውም።»

ሌን ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «አክስቴ?»

ማርዲስ የጠረጴዛ ልብሱን ጠርዝ ለቀቁት፣ በመዳፋቸው አስተካከሉት።

«ፋብሪካው ነው የሚጠየቀው ብዬ ነበር» አሉ። «ጥፋቱን ራሱ ጽፎ ፈርሞ የለ? ፋብሪካ ልጅ የለውም፣ አያለቅስም። ዳርላ የምትጠየቅ አልመሰለኝም። ማርያምን ብዬ እምላለሁ ልል ነበር፣ እኛ ሉተራኖች ግን በማርያም አንምልም።»

ማንም አልሳቀም።

«ለምን?» አለ ሌን። ግዙፉ ሰውዬ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነበር። «አልመታሽም። አላስራበሽም።»

«አልመታኝም፣ አላስራበኝም። እናንተ ወንዶች ሌላ ምን እንዳለ አይታያችሁም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ያንን ሁሉ ማሳሰቢያ ያነበብኩት ለምን ይመስልሃል? ‹ላንቺም ይሆናል ማርዲስ፣ በረዶው ሲቀልጥ አስተምርሻለሁ› ብሎኝ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠብቅ የሰማኋት አንዲት ቃል እሷ ናት። እያንዳንዷን መስመር እንደ ጸሎት አነበብኩለት፤ የማይበላሽ፣ የማያሳፍረኝ፣ ለእኔ የሚሆን መኪና ልመርጥ። እሁድ ዕለት ‹መቼ እንጀምራለን?› አልኩት። ሹካውን እንኳ አላስቀመጠም። ‹ቀልዴን ነበር፣ በስልሳ ስምንት ዓመትሽ የት ልትሄጂ?› አለኝ። ከዚያ ድንች ጨምሪልኝ አለ።»

«ጨመሩላቸው?» አለች ኢርማ።

«ጨመርኩለት። ትናንትም ምሳውን አቅርቤለት፣ ሳህኑን አጥቤ፣ ቁልፉን አወረድኩ። ገመዱን ይዤ ሄድኩ። የሾፌሩ ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።» እጃቸውን አዩት። «ደስ አለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ ያን ጊዜ ደስ አለኝ።»

«ትናንት ማታ ሌን ዳርላ ላይ ሲጮህባትስ?»

«ሰማሁ።»

«ሰምተው ዝም አሉ።»

«ዝም አልኩ» አሉ ማርዲስ። «ልናገር አፌን ስከፍት እድሜዬን ሙሉ እንደተዘጋሁ ሌላ በር ሊዘጋብኝ መሆኑ ታየኝ። አቃተኝ።»

ኢርማ ማድረግ ያለባትን አደረገች፤ መብታቸውን ነገረቻቸው፣ ቃላቸውን ጻፈች፣ አስፈረመቻቸው። እጃቸውን አላሰረችም። የት ይሸሻሉ? አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነፋሱ ተንፈስ አለ፤ ከመንገዱ በኩል የበረዶ ጠራጊው ድምፅ ተሰማ። ግሌን ቀልድ ፈልጎ አጣና ካፖርቱን ለብሶ በረንዳው ላይ ቆመ። ሌን ጋራዥ ሄዶ ከአባቱ ጋር ተቀመጠ።

ማርዲስ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ጋ ሲደርሱ ዳርላ እዚያው ቆማ ነበር።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት።

«ትናንት ከጎኔ ቆመው ዳቦ ሰጡኝ» አለች ዳርላ። «እያለቀስኩ ነበር፤ ‹ብዪ እንጂ፣ ሰውነትሽን አትጉጂ› ብለው ቅቤ ቀቡልኝ። በወንድምዎ ላይ ያደረጉትን… እኔ አልፈርድም፤ እንዲያውም ይገባኛል፣ መግባቱ ነው የሚያስፈራኝ። እኔ ላይ ያደረጉትን ግን አልችለውም። ዛሬ ይቅር አልልዎትም።»

«ልክ ነሽ» አሉ ማርዲስ፣ እና ከኢርማ ጋር ወጡ።

ዳርላ ባዶው ወጥ ቤት ውስጥ ስልኳን አውጥታ ደወለች። የጎረቤቱን ስልክ ልጅቷ አነሳችው። እናትየዋ የልጅቷን ድምፅ ለመስማት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ልጅቷ «ማነው? ማነው?» እያለች ደጋገመች።

«እኔ ነኝ» አለች ዳርላ። «እኔ ነኝ የኔ ልጅ። እናትሽ ምንም አላደረገችም። መጣሁ።»